ስድስት ጀሪካንና አንድ ጥንድ ጫማ፦ ግራ የሚያጋባ የወጣቶች ቴአትርን እንዴት እንተንትን?

ቴአትሩ አልቆ ከአዳራሹ ስንወጣ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ልጅ “ቆንጆ ነው፣ ግን ምን ማለት ነው?” አለኝ። 11ኛ ክፍል ነው። ስላየው ተውኔት ሁለት ገጽ ትንተና ጽፎ ለአማርኛ መምህሩ ማስረከብ ነበረበት። ከፒያሳ ቁልቁል እየወረድን ያንኑ ጥያቄ በአራት ዓይነት አቀያይሮ ጠየቀኝ። ያን ቀን የነገርኩትን፣ በኋላም አስቤ የጨመርኩበትን እነሆ። ተማሪ ከሆናችሁ፣ የድራማ ክበብ የምታግዙ ከሆነ፣ ወይ ልጃችሁ የሠራበትን ቴአትር አይታችሁ ምን እንደምትሉት ከጨነቃችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ተውኔቱን ላስረዳችሁ፤ ምሳሌዎቼን ሁሉ የማወጣው ከሱ ነውና። የሠሩት አምስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እዚሁ ጎንደር ናቸው። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መድረኩ ላይ ሶፋ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ የግድግዳ ሰዓት የለም። ያለው ስድስት ቢጫ ጀሪካንና አንድ ጥንድ የወንድ ቆዳ ጫማ ነው። ጀሪካኖቹ አንዴ የውሃ ወረፋ፣ አንዴ ዴስክ፣ አንዴ ከበሮ ይሆናሉ። ጫማው ደግሞ አባት ነው። አባትየው በአካል አይመጣም፤ ቤተሰቡ ራት ሲቀርብ ጫማው መሀል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ለጫማው ነው የሚያወራው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም የላትም። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የቀሩት አራቱ እናት፣ መምህር፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የራሷ ሐሳብ እየሆኑ ይለዋወጣሉ።

እንዲህ ያለውን የቴአትር ሰዎች “ናቹራሊስቲክ ያልሆነ” ይሉታል። ቃሉ አያስፈራችሁ። ናቹራሊስቲክ የሚባለው ኑሮን ቁጭ አድርጎ ለማሳየት የሚጥረው ነው። አንድሬ አንትዋን የሚባል ፈረንሳዊ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓሪስ ውስጥ የሥጋ ቤት ታሪክ ሲያሳይ እውነተኛ የከብት ሥጋ መድረክ ላይ ሰቅሏል። እዚያ ድረስ ነው የሚሄደው። ይኛው ግን “የምታዩት ቴአትር ነው” ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል። ጫማውን አባት ነው ይላችኋል፣ እናንተም እሺ ትላላችሁ።

ደግሞ ይህ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት ፋቡላ፣ አውሬዎች እንደ ሰው የሚናገሩበትና በነሱ አፍ ሹማምንት የሚወቀሱበት ሥራ ነው። የአማርኛ ቴአትር ጉዞውን የጀመረው ኑሮ ከማይመስል መድረክ ነው ማለት ነው። የወጣቶችን ጭንቀት በዚህ መንገድ ማሳየትም የቆየ ነው። ጀርመናዊው ፍራንክ ቬዴኪንት እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተመው ተውኔት ውስጥ ራሱን ያጠፋ ተማሪ በመጨረሻው ትዕይንት ጭንቅላቱን በክንዱ ታቅፎ ከመቃብር ይነሳል፤ መምህራኑም የማሾፊያ ስም ነው የተሰጣቸው። ተውኔቱ መድረክ ለማየት እስከ 1906 ቆይቷል።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

አንድ፦ ስትገቡ

ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ብርሃኑ ሌላውን ሰው ይረብሻል፣ እናንተንም ወደ ቴሌግራም ይጎትታችኋል። በራሪ ወረቀት ከተሰጣችሁ ሳታነቡት ኪሳችሁ ክተቱ። “ይህ ተውኔት ስለ ተስፋ ነው” የሚል ካለበት ሃምሳ ደቂቃውን ሙሉ ተስፋ ስትፈልጉ ታልቃላችሁ። ከቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ግቡ። እንዲህ ያለ ቴአትር ብዙ ጊዜ መጋረጃው ሳይከፈት ነው የሚጀምረው። እኛ ስንገባ ተዋንያኑ መድረኩ ላይ ነበሩ፣ መብራቱ በርቶ፣ ጀሪካን እየደረደሩ። ግማሹ ተመልካች መድረክ እያዘጋጁ መስሎት ሲያወራ ነበር።

ሁለት፦ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ

ትንተና የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ያየነውን ሳንጽፍ የመሰለንን እንጽፋለን። ልጁ በዚያ ምሽት ደብተሩ ላይ ያሰፈረው “የቤተሰብ ጫና፣ የሴት ልጅ ሸክም፣ የትምህርት ጭንቀት” የሚል ነበር። ይህን ለመጻፍ ቴአትሩን ማየት አያስፈልግም። ፖስተሩን አይቶ መጻፍ ይቻላል።

እዚያው እያላችሁ፣ ካልሆነም እቤት ደርሳችሁ ሳትተኙ፣ ዓይናችሁ ያየውንና ጆሮአችሁ የሰማውን ብቻ አስፍሩ። “ያሳያል”፣ “ይወክላል”፣ “ያመለክታል” የሚሉትን ቃላት ለዚያ ሌሊት እርም በሏቸው። የኔ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

“ተራው የማነው?” ሦስት ጊዜ ተባለ። ወረፋው ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ።

መምህሩ አፉን የጀሪካኑ አፍ ላይ ደፍቶ ነው የሚያስተምረው። ቃሉ አይሰማም። ኡኡኡ የሚል ድምፅ ብቻ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ።

እናትየው አንድም ጊዜ አልተቀመጠችም።

ልጅቷ ለጫማው ስታወራ ድምፅዋ ዝቅ አለ። የሰማነው ፊት የተቀመጥነው ነን።

ፈተናው ላይ ባዶ ጀሪካኖቹን በመዳፍ ሲመቷቸው ይጮኻሉ። እሷ ያዘለችውን ሲመቱት ግን ድምፁ ድፍን አለ።

ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት መለሱላት።

በቃ። ምንም ትርጉም የለውም። አንዳንዱን ለምን እንደጻፍኩት ራሴም አላውቅም ነበር። ግድ የለም። በኋላ የሚያስፈልጋችሁ የትኛው እንደሆነ አሁን አታውቁም፤ ስለዚህ አታማርጡ።

ሦስት፦ የመድረኩን ሕግ አውጡ

እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ተውኔት የራሱ ሕግ አለው። “እዚህ መድረክ ላይ እንዲህ ሲሆን እንዲህ ማለት ነው” የሚል ሕግ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያስተምራችኋል፣ ከዚያ በኋላ እንደምታውቁት ቆጥሮ ይቀጥላል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው ያውቀዋል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ቀና ብሎ አይቶ “ገላቸው የት ሄደ?” ያለ ሰው አልገጠመኝም። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አያቶቻችን ይህን ማንም ሳያስረዳቸው ያነቡት ነበር። ሠዓሊው ሰው መሣል አቅቶት አይደለም። ማን ምን እንደሆነ ከሩቅ እንዲለይ ብሎ ነው። መድረኩንም በዚያ ዓይን እዩት።

ሕጉን ለማውጣት እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ለማን ነው የሚያወራው? ተዋንያኑ እኛን ያዩናል ወይስ እንደሌለን ይቆጥሩናል? አንድ ሰው ሌላ ሰው ሲሆን በምን ይታወቃል፤ በልብስ፣ በድምፅ፣ በአቋቋም? ዕቃው ሲለዋወጥ በምን ይለወጣል? ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል? እንደ ፎቶ ደርቀው የሚቆሙበት ቦታ አለ?

እኛ ባየነው ላይ ሕጉ እንዲህ ነበር። ነጠላውን የለበሰ ሁሉ እናት ነው፤ ወንድም ቢሆን። ጀሪካን ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነው። ጀሪካን የተሸከመ ወረፋ ላይ ነው። ተዋንያኑ እኛን አያዩንም።

ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ሕጉ የተጣሰው የት ነው? ሕግ ሲጣስ ጸሐፊው አንድ ነገር እየጠቆማችሁ ነው። እዚህ ሦስት ቦታ ተጥሷል። ፈተናው ላይ ጀሪካን ተሸክማለች፣ ግን ወረፋ ላይ አይደለችም። ራት ላይ ጫማው እንደ ሰው ተቆጥሯል፣ ከሰዎቹ በላይም ተከብሯል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀጥ ብላ አየችን። ትንተናዬን የሠራሁት ከነዚህ ሦስቱ ነው። ሌላውን ሁሉ ተውኩት፤ እናንተም ሁሉን ልንገር አትበሉ።

አራት፦ “ለምን በተራው መንገድ አላሳዩትም?” በሉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን ጥያቄ እመርጣለሁ። “ምን ማለት ነው?” አትበሉ። እሱ ጥያቄ መልሱን ከመዝገበ ቃላት እንደሚወጣ ያስመስለዋል። “ሶፋና አባት ማስቀመጥ ሲችሉ ለምን ጫማ አስቀመጡ? አባትየው በአካል ቢኖር ምን ይቀር ነበር?” በሉ።

ጫማውን እንውሰድ። ራት ተበልቶ እናት ስትወጣ ልጅቷ ውሃ በጣሳ ይዛ ትንበረከካለች። የአባትን እግር ማጠብ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጫማውን ነው የምታጥበው። ከላይ ታፈስበታለች፣ በእጇ ትዳብሰዋለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ታደርቀዋለች። ሳትቸኩል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። “አባዬ፣ ፈራሁ” አለች። ሁለት ቃል ናት። ተነሣች፣ ጫማውን ቦታው መለሰችው፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ።

አሁን እዚያ ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ተዋናይ ተቀምጧል እንበል። “ፈራሁ” ስትለው የግድ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ቢያቅፋት ደግ አባት ነው። ቢቆጣ ክፉ አባት ነው። ዝም ቢልም ፊቱን እናያለን። በየትኛውም መንገድ ቴአትሩ ስለሱ ጠባይ ይሆናል፤ እኛም “አባቷ ነው ጥፋተኛው” ብለን፣ ተገላግለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ጫማው ያን ከለከለን። የምንወቅሰው ሰው ነሣን። ከዚያ ይልቅ ያየነው ባዶውን ቦታ እያከበሩ መሀል ላይ የሚያስቀምጡትን ራሳቸውን፣ እናትየውን፣ ልጆቹን፣ ልጅቷንም ጭምር ነው።

ሁለተኛ ነገር። ብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ለአባቱ “ፈራሁ” አይልም። ነውር ስለሆነ አይደለም፣ ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ነው። አባት ሲገባ ብድግ ይባላል፣ ሲጠየቅ “ደህና ነው” ይባላል። ይህን ንግግር ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው ቢያወሩት ውሸት ይመስል ነበር። ጎንደር ውስጥ ያደገ ተመልካች “እንዲህ የምትል ልጅ የታለች?” ይል ነበር። ለባዶ ጫማ ስትናገረው ግን አመንናት። ቤት ውስጥ የማይባለው ነገር የሚባልበት ቦታ ለመፍጠር ነው መድረኩ ኑሮ መምሰል የተወው።

የወጣቶችን ችግር የሚያሳይ ተውኔት ስታዩ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ቆፍሩ። ወጣት ያልተነገረ ነገር የተሸከመ ሰው ነው። መድረኩ እንግዳ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ያልተነገረው ሊወጣ ሲል ነው።

አምስት፦ ዕቃውን መጀመሪያ ዕቃ አድርጋችሁ እዩት

ቅኔ የሚወደድበት አገር ስላደግን ያየነውን ሁሉ ሰም አድርገን ሥሩ አንድ ወርቅ መፈለግ ይቀናናል። “ጀሪካኑ የሕይወት ሸክም ምሳሌ ነው” ብለን እንዘጋዋለን። መድረክ ላይ ያለ ዕቃ ግን አንድ ወርቅ ብቻ የለውም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጀሪካን ጀሪካን ነው።

ስለዚህ ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ። ዕቃው እውነተኛ ኑሮ ውስጥ ምንድን ነው? ማን ይይዘዋል? መቼ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ማለት ሌሊት ማለት ነው። ውሃ መጣች ሲባል የሚነሳው ማን እንደሆነ ሰፈራችሁን ጠይቁ። ሃያ ሊትሩ ምን እንደሚመዝን የተሸከመው ያውቃል። ቀለሙ ቢጫ የሆነው ዘይት መጥቶበት ስለነበር ነው፤ ሁለተኛ ሕይወቱን ነው የሚኖረው። ይህን ሁሉ ከጻፋችሁ በኋላ ነው “መድረኩ ላይ ምን ሆነ?” የምትሉት። ከበሮ ሆነ። ዴስክ ሆነ። የመምህር አፍ ሆነ። በመጨረሻም እንደ ልጅ ታዘለ። አሁን “ሸክም” የሚለው ቃል እንዴት እንዳነሰ ይታያችኋል። የምታጠናበት ዴስክም፣ እንዳታጠና የሚያደርጋትም አንድ ዕቃ ነው። ይህን በንግግር ለማስረዳት ሁለት ገጽ ቃለ ተውኔት ይፈጅ ነበር።

ስድስት፦ ሰውነት፣ ድምፅ፣ መብራት

እዚህ ፈጠን እንበል። ሰውነት ላይ ከፍታን እዩ፤ ማን ከፍ ብሎ ቆመ፣ ማን ዝቅ አለ፣ መቼ ተቀያየሩ። ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የዝማሬና የእንቅስቃሴ) ትምህርት ያየ ሰው አንድ ላይ መንቀሳቀስ ራሱ ቋንቋ እንደሆነ ይገባዋል፤ ዘገምተኛው እንቅስቃሴ ወደ ፈጣኑ ሲሸጋገር ቃሉ ባይለወጥም ስሜቱ ይለወጣል። ቴአትር ላይም ቡድኑ አብሮ ሲንቀሳቀስ ከቡድኑ የተለየውን ሰው ፈልጉ።

ድምፅ ላይ ዝምታን ቁጠሩ። መብራትን በተመለከተ መጠንቀቅ አለባችሁ፤ በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያለው ሁለት አምፖል ሊሆን ይችላል። መብራት መጥፋቱን “ጨለማው ተስፋ መቁረጥን ያሳያል” ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ሄዶ እንዳልነበር አረጋግጡ።

የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል ደግሞ ወረቀት ላይ በመስመር ሣሉት። የእኛው ከፈተና ማግስት ጀምሮ ወደ ኋላ ሄዶ ነው ወደ ፈተናው የሚመለስ። ውጤቱን አናይም። አለፈች ወይ ወደቀች ማለት የተውኔቱ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው፤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና እለፉ።

ሰባት፦ ማን ነበር የተቀመጠው?

ተመልካቹም የተውኔቱ አካል ነው። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና የሚያውቁት ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ተፈታኞች ከቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን የጀመሩትም ያኔ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ብዙ ነው። ተውኔቱ ከዚህ አንዱንም አይጠቅስም። መጥቀስ አያስፈልገውም። ተፈታኟ ጀሪካኑን አዝላ የፊዚክስ ቀመር ስታነበንብ አዳራሹ ትንፋሹን የዋጠው የራሱን ቤት ስላየ ነው። እንዲህ ያለውን እውነታ ትንተናው ውስጥ አስገቡ፤ ግን ለብቻው “ዳራ” ብላችሁ አንድ አንቀጽ አትከምሩ። ከአንድ የመድረክ ቅጽበት ጋር አያይዙት።

መጨረሻው ላይ ጀሪካኑን አወረደች። ወደኛ ዞረች። “ተራው የማነው?” አለች። ማንም አልተነፈሰም። ምናልባት አሥር ሰከንድ። ከዚያ ከኋላ አንዲት እናት “ያንቺ ነው፣ ልጄ” አሉ። ልጅቷ ይህን አልጠበቀችም፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ጎን ለጎን ቆመው የነበሩት ተዋንያንም ተያዩ። መብራት ጠፋ።

በርቶልት ብሬኽት የሚባለው ጀርመናዊ የቴአትር ሰው ተመልካች በታሪኩ ሰምጦ እንዳይቀር፣ ነቅቶ እንዲያስብና እንዲፈርድ አጥብቆ ይሻ ነበር። ለዚህም ነው መድረኩ ላይ ጽሑፍ የሚያሳየው፣ ተዋናዩን በመሀል የሚያዘፍነው። ስለ እንዲህ ያለ ቴአትር የምታነቡት መጽሐፍ ሁሉ እሱን ያነሣላችኋል፣ ማወቁም ይጠቅማል። ለኚያ እናት መልስ ግን የቀረበው አዝማሪ ቤት ነው። “ተቀበል” ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው በጨዋታው መሀል መግባት ነውር እንዳልሆነ ያውቃል። እሳቸው ተቀበሉ። ትንተናችሁ ውስጥ ተመልካቹ ምን እንዳደረገ ጻፉ፤ የሳቀበትን፣ የሳለበትን፣ ዝም ያለበትን።

ስምንት፦ ልጆቹን ከገጸ ባሕርያቱ ለዩ

ይህን በጥብቅ ነው የምላችሁ። የሚተውኑት ወጣቶች ናቸው። ፍርሃትን የተወነችው ልጅ ፈሪ ናት፣ አባቷም እንዲህ ነው ብላችሁ አትጻፉ፣ አታውሩም። ሰፈሩ ትንሽ ነው። ተውኔቱ ራስን ስለ መጉዳት የሚያነሣ ከሆነ “የአእምሮ በሽተኛ” የሚል ስም አትለጥፉ፤ መድረኩ ላይ የሆነውን ግለጹ፣ ድርጊቱን እንደ መፍትሔ ወይም እንደ ጀግንነት አታስመስሉት። ቴአትሩ አልቆ አንድ ልጅ መጥቶ “እኔም እንደሷ ነኝ” ካላችሁ ደግሞ ደብተሩን ዝጉ። ትንተናው ይቆይ። አድምጡት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ከሚያምነው አዋቂ ወይም ከጤና ባለሙያ ጋር አገናኙት።

ዘጠኝ፦ ፍረዱ

ትንተና ማድነቅ ብቻ አይደለም። ልጆች ስለሠሩት ብላችሁ ሁሉን አታወድሱ፤ ያ ንቀት ነው። መለኪያው ያው የአራተኛው ጥያቄ ነው፤ በተራው መንገድ ቢሆን ምን ይቀር ነበር? ምንም የማይቀር ከሆነ ያ ትዕይንት ጌጥ ነው። ለኔ የስልኩ ትዕይንት እንዲያ ነበር። አራቱ ነጭ የወረቀት ጭምብል አድርገው፣ ፊታቸውን በስልክ መብራት አብርተው፣ እየሳቁ ይዞሯታል። ያምራል። ግን ጭምብል ማስመሰል መሆኑን፣ ቲክቶክ ላይም ሰው እንደሚያስመስል ሁላችንም ይዘን ነው የገባነው። ጀሪካኑ ያላሰብነውን አሳየን፣ ጭምብሉ ያሰብነውን መለሰልን። የማትወዱትን ስትጽፉም እንዲህ ምክንያቱን አስቀምጡ። “ደካማ ነው” ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

አሥር፦ መጻፍ

የልጁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር “ይህ ተውኔት በወጣቶች ላይ የሚደርሱ ልዩ ልዩ ችግሮችን የሚዳስስ እጅግ አስተማሪ ተውኔት ነው” የሚል ነበር። አጠፋነው። በምትኩ ከአንድ ቅጽበት እንዲጀምር ነገርኩት። ተመልሶ የጻፈው ይህ ነው፦

“ራት ላይ አባት የለም፤ ጫማው አለ። ሁሉም ለጫማው ያወራሉ፣ ጫማው ግን አይመልስም። ልጅቷ ‘ፈራሁ’ ያለችው እሱ ስለማይመልስ ነው። ለሚመልስ ሰው አትለውም ነበር።”

አራት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ካልኩት ያልነበረ ነገርም አለባት፤ “ለሚመልስ ሰው አትለውም ነበር” የሚለው የራሱ ነው።

አንቀጻችሁን በዚህ አካሄድ ሥሩ። መጀመሪያ ያያችሁትን፣ ቀጥሎ እናንተ ላይ ወይም አዳራሹ ላይ ያደረገውን፣ ከዚያ በምን መንገድ እንዳደረገው፣ በመጨረሻ ለምን በዚያ መንገድ እንደሆነ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትተርኩ። ለሁለት ገጽ ሦስት ቅጽበት ይበቃል። “ኮረስ” (አብሮ የሚናገር ቡድን)፣ “ሲምቦል” (ምልክት) የመሳሰሉትን ቃላት ካስፈለጋችሁ ተጠቀሙ፣ ግን ቃሉ ያያችሁትን ነገር እንዳይተካው። “ደራሲው ሲምቦሊዝምን ተጠቅሟል” ማለት “ምግብ አብሳዩ እሳት ተጠቅሟል” እንደማለት ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቴአትሩን ላላየ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። “የቱ ጫማ?” ብሎ ካቋረጣችሁ እዚያ ቦታ ያያችሁትን ሳትነግሩት ያሰባችሁትን ነግራችሁታል። ተመለሱና አስተካክሉ።

ከተቻለ ደግሞ ለሠሩት ልጆች አሳዩአቸው። ትክክል ነው እንዲሏችሁ አይደለም፤ እነሱ ያላሰቡትንም ልታዩ ትችላላችሁ። እናንተ ያላያችሁትን ግን ይነግሯችኋል። እኔ የፈተናውን ትዕይንት ስጽፍ “ተዋናይዋ የጉልበቷን መንቀጥቀጥ በሚገባ ተጫውታዋለች” ብዬ ነበር። ለልጅቷ ሳነብላት ፈገግ አለችና “ጋሼ፣ እሱ ጀሪካን እኮ ሙሉ ነበር” አለችኝ። ልምምድ ላይ በባዶው ሞክራው ጀርባዋ እንደሚገባ አልጎብጥ ስላላት ራሷ ናት ውሃ ይሞላበት ያለችው። ሌሎቹ አምስቱ ባዶ ነበሩ።

እቤት ሄጄ ደብተሬን ገለጥኩ። “እሷ ያዘለችውን ሲመቱት ግን ድምፁ ድፍን አለ።” እዚያው ነበረች። ጽፌያታለሁ፣ አላነበብኳትም። የድሮውን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ “ሃያ ሊትር ውሃ አዝላ ቀመሩን እስክትጨርስ ቆመች” ብዬ ጻፍኩ።